«አስሊ» እና «ማስሊያ»፦ የስሌት ንድፈ ሐሳብና የፕሮግራም ቋንቋዎች በአማርኛ ስያሜ

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያመራው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለው ወረታ ላይ ነው። ከተማዋን የከበበው የፎገራ ሜዳ ዛሬ ስሙ ከሩዝ ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚያው ነው። ይሁን እንጂ ሩዝ ለሜዳው የጥንት ሰብል አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተሞክሮ ቆይቶ የተስፋፋ ነው። ገበሬው «ሩዝ» የሚለውን የውሰት ስም እንዳለ ተቀበለው፤ የሥራውን ቃል ግን ከማንም አልተዋሰም። ሩዝም እንደ ጤፍ ይዘራል፥ ይታረማል፥ ይታጨዳል፥ ይወቃል፤ ዱቄቱም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል። የነገሩ ስም ባዕድ ሲሆን የድርጊቱ ቃል የራስ ሆኖ ቀረ።

እኛ ይህን የፎገራን ልማድ እንደ ሚዛን ወስደን በአንድ አዲስ የሙያ መስክ ያለውን የአማርኛ ስያሜ ለመመርመር እንሞክራለን። መስኩ የስሌት ንድፈ ሐሳብና በተግባር የሚሠራባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች ግንኙነት ነው። በዚህ መስክ እስካሁን የተለመደው አካሄድ ከገበሬው አካሄድ ተቃራኒ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የነገሮቹን ስም ለመተርጐም ብዙ ሲደከም፥ ነገሮቹን የሚያያይዙትና የሚለያዩት ቃላት ግን ያለ ጥንቃቄ እንደ ተገኙ ይወሰዳሉ። ጉዳቱ የውበት ጉዳት ብቻ አይደለም። በአንደኛ ደረጃ በአማርኛ ተምሮ በሁለተኛ ደረጃ ወደ እንግሊዝኛ የሚሸጋገር የወረታ ተማሪ፥ አስቀድሞ በአማርኛ የያዘው ቃል ካሳተው፥ በእንግሊዝኛ የሚያነበውንም በዚያው ስሕተት ይረዳዋል።

አስሊው ማን ነው?

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው የስሌት ሞዴል በአማርኛ «የቱሪንግ ማሽን» ወይም «የቱሪንግ መኪና» እየተባለ ይጠራል። ሁለተኛው ስያሜ ለወረታ ሰው የሚያመለክተው ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን ተሽከርካሪ ነው። «ማሽን» የተሻለ ቢመስልም ሰሚውን ወደ ሩዝ መፈልፈያው ይወስደዋል፤ በአንድ በኩል ያልተፈተገ እህል ገብቶ በሌላ በኩል ሩዝና ገለባ ወደሚወጣበት ብረት ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት የሞዴሉን ባሕርይ ይሰውራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1936 በእንግሊዝኛ «ኮምፒዩተር» የሚባለው ብረት ሳይሆን ሰው ነበር፤ በእርሳስና በወረቀት ቁጥር የሚያሰላ ሠራተኛ። ቱሪንግ ያደረገው ነገር የዚህን ሰው ሥራ ከዚያ በላይ ሊከፈል ወደማይችል ጥቃቅን ርምጃ መፍታት ነበር። ወረቀቱን በቤት በቤት የተከፋፈለ አንድ ረጅም ጥብጣብ አደረገው፤ አስሊው በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ያያል፤ ምልክት ይጽፋል ወይም ይፍቃል፤ አንድ ቤት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግም የሚወስነው ባየው ምልክትና በዚያች ቅጽበት ባለበት የሐሳብ ሁኔታ ነው። ጥብጣቡ አያልቅም፤ ጊዜውም አይገደብም።

እንግሊዝኛ ለሰውየውም ለዕቃውም አንድ ቃል በመጠቀሙ ኋላ ዕቃው የሰውየውን ስም ወርሶ አስቀርቶታል። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ድኽነት የለበትም። «አሰላ» ከሚለው ግሥ አድራጊው «አስሊ»፥ መሣሪያው «ማስሊያ»፥ ውጤቱም «ስሌት» ይባላል። የቱሪንግ ሞዴል የማስሊያ ሞዴል ሳይሆን የአስሊ ሞዴል ነው። ስለዚህ «የቱሪንግ አስሊ» ብንለው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለሐሳቡ የቀረበ ስያሜ እናገኛለን።

ልዩነቱ የሚያስከትለውን እንመልከት። በዚሁ ንድፈ ሐሳብ በማንኛውም ስልት ሊሰሉ የማይችሉ ጥያቄዎች እንዳሉ ተረጋግጧል። ይህን ተርጓሚው «ምንም ማሽን ሊፈታቸው አይችልም» ብሎ ሲጽፈው አንባቢው ዛሬ ያለው ማሽን ደካማ ነው፥ ነገ የተሻለ ሲገዛ ይፈታዋል ብሎ ይረዳል። ይህ የእርሻ ትራክተር ሲመጣ ሥራው ይቀላል እንደ ማለት ነው። አረጋጋጩ ግን የተናገረው ወረቀት የማያልቅበትና ጊዜ የማያጥረው አስሊ እንኳ ሊፈታቸው እንደማይችል ነው። በግዢ የሚቀየር ነገር አይደለም።

«ማሽን» በዓለም የታወቀ የሙያ ቃል ስለሆነ አይነካ የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ ተማሪው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚያገኘው ይህንኑ ነውና። በእኛ አስተያየት ግን «የቱሪንግ ማሽን» በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንደ ተለዋጭ ስያሜ ተይዞ ፍቺው ወደ «የቱሪንግ አስሊ» ቢመራ ሁለቱም ጥቅም ይጠበቃል።

«ጊዜ» እና «እስኪ»

ወደ ሜዳው እንመለስ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው ወደ ጣና ሲወርዱ ፎገራን ያቋርጣሉ፤ በክረምትም ከአፋቸው እየወጡ ሜዳውን ያለብሱታል። የሩዝ መከር ካለቀ በኋላ ደግሞ ገበሬው አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በዚህ የእርሻ ሥራ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይሰማል። አንዱ «ሦስት ጊዜ እረስ» የሚለው ነው። ሌላው «ውኃው እስኪሸሽ ጠብቅ» የሚለው ነው።

ሰዋስው አዋቂ ሁለቱን እንደ ተራ የድግግሞሽ አነጋገር ሊያልፋቸው ይችላል። በስሌት ንድፈ ሐሳብ ግን በመካከላቸው ትልቅ ገደል አለ። «ሦስት ጊዜ» የተባለ ሥራ ገና ሳይጀመር ስንት ዙር እንደሚፈጅ ይታወቃል፤ ማለቁም የተረጋገጠ ነው። «እስኪሸሽ» የተባለው ግን ውኃው ባይሸሽ አያልቅም። አልበርት ማየርና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጥናት የመጀመሪያውን ዓይነት ዙር ብቻ የሚፈቅድ አነስተኛ የፕሮግራም ቋንቋ ምን ያህል ማስላት እንደሚችል መረመሩ። በዚህ ቋንቋ የሚጻፍ ሥራ ሁሉ ያልቃል። ነገር ግን አስሊ ሊሠራቸው የሚችላቸው አንዳንድ ስሌቶች በዚህ ቋንቋ ሊጻፉ አይችሉም፤ ከእነዚህ አንዱ በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በአከርማን ስም የሚጠራው እጅግ በፍጥነት የሚያድግ ስሌት ነው። ሙሉውን ኀይል ለማግኘት «እስኪ» ያስፈልጋል፤ «እስኪ» ሲገባ ደግሞ የማያልቅ ሥራ አብሮ ይገባል። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ሪቺ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተግባር እጅግ የተስፋፋውን ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው ሰው መሆኑን ስናስታውስ፥ ንድፈ ሐሳቡና ተግባሩ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ እንገነዘባለን።

ለሁለቱም የዙር ዓይነቶች፥ እንዲሁም አንድ ስሌት በውስጡ ራሱን ለሚጠራበት ሥርዓት፥ በአማርኛ የሚሰጠው ስም «ድግግሞሽ» ነው። ይኸው ቃል በፊዚክስ ለሞገድ ሌላ ትርጉም ተይዞ ይሠራበታል። ለአራት ጽንሰ ሐሳቦች አንድ ቃል ማለት ነው። ቋንቋው ራሱ በ«ጊዜ» እና በ«እስኪ» የለየውን ሙያዊው ስያሜ መልሶ ደባለቀው።

ባሕረ ሐሳብ እንደ ምስክር

የመጀመሪያው ዓይነት ስሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ የተሟላ የስሌት ሥርዓትና የተሟላ የሙያ ቃላት አለው። የ2016 ዓ.ም.ን ትንሣኤ ለማግኘት 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ መጥቅዑ 10፥ በ11 ተባዝቶ ሲገደፍ አበቅቴው 20 ይወጣል፤ የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ የስሌቱ ማረጋገጫ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 10 ይውላል። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲሆን ከመጥቅዑ ጋር ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 18 ይሆናል። ጾመ ነነዌ የካቲት 18፥ ትንሣኤም ከዚያ በ69ኛው ቀን ሚያዝያ 27 ዋለ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ጊዜ» አለ፥ «ከሆነ» አለ፤ «እስኪ» ግን የለም። የርምጃው ብዛት አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ አስሊው መሪጌታ ስሌቱ ይለቅ ይሆን ብሎ አይጨነቅም። ከዚህም በላይ ስሌቱ በየ532 ዓመቱ ይመለሳል፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። ስለዚህ 532 መስመር ያለው ሠንጠረዥ ቢጻፍ ስሌቱን ፈጽሞ ሊተካው ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ ለማንኛውም የስሌት ስልት የምንጠቀምበት «ስልተ ቀመር» የተባለው ስያሜ ሁለተኛ ክፍሉ በባሕረ ሐሳብ ተመላልሶ የሚመጣን ዑደት የሚያመለክት ቃል ነው። ስያሜው መልካም ነው፤ ሥር ያለውና የተለመደ በመሆኑ ይተው አንልም። ነገር ግን በሥሩ ያለው ሐሳብ መጨረሻው የታወቀ ስሌት መሆኑን መዝገበ ቃላቱ ሊናገር ይገባል፤ አለዚያ ተማሪው ስልተ ቀመር ሁሉ ያልቃል ብሎ ይገምታል።

የ«መቆም» ጣጣ

ከላይ ያነሣነው ሊሰላ የማይችል ጥያቄ ዋነኛው አንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ያበቃ እንደሆነ ወይም ለዘለዓለም ይዞር እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ነው። ይህ በአማርኛ «የመቆም ችግር» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን። በፎገራ «ውኃው ቆሟል» ሲባል ውኃው ከማሳው ላይ አልሄደም ማለት ነው። «መኪናው ቆመ» ሲባልም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ፕሮግራሙ ቆመ» ማለት ጨረሰ ነው ወይስ ተገተረ? ቃሉ ጥያቄው ሊለያቸው የፈለጋቸውን ሁለት ነገሮች ራሱ ያቀላቅላቸዋል። «የማብቃት ጥያቄ» ብንለው ጥርጣሬው ይወገዳል።

ማረጋገጫውም በዚህ ቃል ሲነገር ይቀላል። ማንኛውንም ፕሮግራም ተመልክቶ «ያበቃል» ወይም «አያበቃም» ብሎ ሳይሳሳት የሚፈርድ ዳኛ ፕሮግራም አለ እንበል። ከዚያ ዳኛው ስለ እርሱ የፈረደውን እየጠየቀ ተቃራኒውን የሚያደርግ እንቢተኛ ፕሮግራም እንጽፋለን፤ ያበቃል ሲባል ይዞራል፥ አያበቃም ሲባል ያበቃል። ዳኛው በእንቢተኛው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ ሐሰት ስለሚሆን እንዲህ ያለ ዳኛ ሊኖር አይችልም።

«ተለዋዋጭ» እና «ተውላጥ»

ቱሪንግ በጻፈበት በዚያው 1936 አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሶ ነበር። የእርሱ ሞዴል ላምዳ ስሌት ይባላል። በዚህ ሞዴል ጥብጣብም፥ መጻፍና መፋቅም የለም፤ ያለው አንድን ቃል በሌላ ቃል ቦታ መተካት ብቻ ነው።

ሁለቱ ሞዴሎች በተግባር ቋንቋዎች ውስጥ የየራሳቸውን አሻራ ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ፎርትራን ስሙ «የቀመር ትርጉም» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተቈረጠ ነው፤ አሠራሩ ግን መዝገብ እየጻፈና እየፋቀ የሚሄደውን አስሊ ይመስላል። በዚህ ቋንቋ «ሀ = ሀ + 1» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ትርጉሙም «በሀ መዝገብ ያለውን አንሥተህ አንድ ጨምረህ መልስ» ማለት ነው። ይህን «ሀ እኩል ነው ሀ ሲደመር አንድ» ብሎ በአማርኛ የሚያነብ መምህር ለተማሪው ሐሰት እየነገረው ነው። አልጎል 60 ለዚህ ድርጊት ከእኩልነት ምልክት የተለየ ምልክት መስጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጆን መካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 የገለጸው ሊስፕ ግን ምልክቱን ከቸርች ወሰደ። መካርቲ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ማንኛውንም የሊስፕ ቃል የሚፈታ አንድ ጠቅላይ ስሌት የተጻፈው ለንድፈ ሐሳብ ሲሆን፥ ስቲቭ ራስል የተባለው ባልደረባው ወደ ማስሊያው ቋንቋ ገልብጦ በተግባር የሚሠራ አስተርጓሚ አደረገው። እዚህ ላይ አማርኛ እንደገና ይረዳናል። ጽሑፉን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው ተርጓሚ፥ በንግግሩ መካከል ቆሞ ቃል በቃል የሚያደርሰው ደግሞ አስተርጓሚ ነው፤ በፕሮግራም ቋንቋዎችም ያሉት ሁለቱ አሠራሮች እነዚሁ ናቸው።

በትምህርት ቤት «ተለዋዋጭ» የምንለው ቃል ለፎርትራን መዝገብ ይስማማል፤ ይዘቱ በእርግጥ ይለወጣልና። በላምዳ ስሌት ግን የሚለወጥ ነገር የለም። «ለማንኛውም ሀ፥ ሀን ከራሱ ጋር ደምር» ስንል ሀ የሚተካውን የሚጠብቅ ቦታ ያዥ ነው፤ በሀ ፈንታ ለ ብንጽፍም ትርጉሙ አይናወጥም። ለቋንቋ አጥኚ ይህ ከተውላጠ ስም ጋር ይቀራረባል። «ተለዋዋጭ» የወጣበት ሥር በግዕዝ «ወለጠ» ነው፤ ከዚያው ሥር «ተውላጥ» ማለትም ምትክ ይገኛል፤ ሰዋስዋችንም «ተውላጠ ስም» የሚለውን ከዚሁ ወስዷል። ስለዚህ ለመዝገቡ «ተለዋዋጭ»፥ ለላምዳው «ተውላጥ» ቢባል አንዱ ሥር ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች ሳያቀላቅል ይሸከማል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በቀደመው ሊስፕ ውስጥ ስም ትርጉሙን ከተጻፈበት ቦታ ሳይሆን ከተጠራበት ቦታ ይወስድ ስለነበር አሠራሩ ከላምዳ ስሌት ይለይ ነበር፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1975 ብቅ ያለው ስኪም የተባለው ዘሩ አቃና።

እኩልነት በምን?

በመጨረሻ አብዝቶ የሚነገረውን ዐረፍተ ነገር እንመርምር፦ «የፕሮግራም ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ናቸው»። የንድፈ ሐሳቡ ቃል ከዚህ የጠበበ ነው። የቱሪንግ አስሊ፥ ላምዳ ስሌትና የተለመዱት ጠቅላላ የፕሮግራም ቋንቋዎች ማስታወሻቸው አይወሰን ቢባል ማስላት የሚችሉት ተመሳሳይ ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር በእግርም በመኪናም ይደረሳል፤ መድረሱ እኩል ነው፤ ጉዞው ግን እኩል አይደለም። የትኛውም ማስሊያ ደግሞ ማስታወሻው የተወሰነ ስለሆነ፥ በጥብቅ ከተነገረ፥ ከሞዴሉ ያንሳል። ስለዚህ «በመድረስ እኩል» እንጂ «እኩል» ብቻ ተብሎ ሊተረጐም አይገባም።

ይህ ለተርጓሚ አዲስ ነገር አይደለም። ሮማን ያኮብሰን ቋንቋዎች የሚለያዩት ሊናገሩ በሚችሉት ሳይሆን የግድ ሊናገሩ በሚገባቸው ነው ማለቱ ይታወቃል። የፕሮግራም ቋንቋዎችም እንዲሁ ናቸው። የሐረግ ቅደም ተከተልን ብንወስድ፥ ሊስፕ ድርጊቱን ከፊት ያስቀድማል፤ ግሥን ማስቀደም የሚወደው ግዕዝ ይህን ያስታውሰናል። አማርኛ ደግሞ «ሁለትንና ሦስትን ደምር» ብሎ ድርጊቱን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ ፎርዝ የተባለው ቋንቋም የሚጽፈው በዚሁ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ፥ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ፓይተን 3 ተማሪ ለመዝገቦቹ በፊደላችን ስም ሊያወጣ ይችላል። የቋንቋው ቋሚ ቃላት ግን እንግሊዝኛ ናቸው፤ የሁኔታው ቃልም በእንግሊዝኛ ሥርዓት ከፊት ይመጣል እንጂ እንደ «ከሆነ» ከኋላ አይመጣም። ቃላቱን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መገልበጥ የአማርኛ የፕሮግራም ቋንቋ አያስገኝም። ሞዴሉ የቃል ቅደም ተከተል ስለማያዝ፥ በአማርኛ አገባብ የሚጻፍ ቋንቋ መሥራትን ንድፈ ሐሳቡ አይከለክልም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ሰብሰብ አድርገን ለውይይት የምናቀርበው ይህ ነው። ሞዴሉ «የቱሪንግ አስሊ»፥ ዕቃው «ኮምፒዩተር» ወይም «ማስሊያ» ይባል። «ድግግሞሽ» ለፊዚክስ ይተውና «የቁጥር ዙር»፥ «የእስኪ ዙር» እና «ራስ ጠሪ» ይለዩ። «የመቆም ችግር» በ«የማብቃት ጥያቄ» ይተካ። «ተለዋዋጭ» ለመዝገብ ይወሰንና ለምትክ «ተውላጥ» ይጨመር። እንደ ፎርትራን፥ ሊስፕና ላምዳ ያሉት ስሞች እንደ ሩዝ እንዳሉ ይወሰዱ።

እነዚህ ስያሜዎች ሁሉ ለመምህራንና ለተርጓሚዎች ፈተና የሚቀርቡ ናቸው፤ የተሻለ ያለው ሰው የተሻለውን ቢያመጣ ደስታችን ነው። የማንለቀው አንድ ነገር ቢኖር፥ «ውኃው እስኪሸሽ ጠብቅ» እና «ሦስት ጊዜ እረስ» የሚሉትን ገበሬ የማያምታታቸውን ሁለት ነገሮች የሙያ ቃላችን ሊያምታታቸው እንደማይገባ ነው።